ትምህርት ቤቱን አትጠብቁ፣ ካውንስሉን ራሳችሁ ጠይቁ

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

እዚህ ለንደን ያለን ብዙ ሐበሾች ጋዜጣችሁን በስልካችን እናነባለን። ለነሱ የምለው ስላለኝ ይህችን ደብዳቤ እንድታወጡልኝ እጠይቃለሁ። ጉዳዩ ትምህርት ቤት ውስጥ ለየት ያለ ድጋፍ የሚያስፈልጋቸው ልጆቻችን ናቸው።

ልጄ ኦቲዝም አለበት። በአራት ዓመቱ ሪሴፕሽን (እዚህ የትምህርት ቤት የመጀመሪያው ክፍል) ሲገባ አይናገርም ነበር። አስተማሪዋ «ቤት ውስጥ አማርኛ ስለምታወሩ ነው፣ እንግሊዝኛውን ሲለምድ ይናገራል፣ ትንሽ እንጠብቅ» አለችኝ። የቋንቋ ጉዳይ ቢሆን ኖሮ እኮ በአማርኛ ያወራ ነበር። በአማርኛም ዝም ነው። አያቱ ከአዲስ አበባ በቪዲዮ ስትደውልለት ፊቷን አያይም፤ ስልኩን ገልብጦ የካሜራውን መስታወት በጣቱ ይነካካል። ይህንን ሁሉ ለአስተማሪዋ ነገርኳት። መልሱ ያው «እንጠብቅ» ነበር።

ቤተ ክርስቲያን ከቅዳሴ በኋላ ሻይ ስንጠጣ ከሌሎች እናቶች ጋር ስናወራ፣ ይኸው መልስ ለስንቱ እንደተሰጠ ሰማሁ። አንዷ ልጇ ሰባት ዓመት እስኪሞላው ጠብቃለች።

ሕጉ ግን ጠብቁ አይልም። እንግሊዝ ውስጥ እንደ ፈረንጆቹ በ2014 የወጣ የሕፃናትና የቤተሰቦች ሕግ አለ። በዚህ ሕግ መሠረት ካውንስሉ፣ ማለትም የአካባቢው አስተዳደር፣ ለልጁ ኢኤችሲ ፕላን የሚባል ሰነድ ሊያዘጋጅለት ይችላል። ሰነዱ ልጁ ምን እንደሚቸግረው፣ ምን ድጋፍ እንደሚሰጠው፣ የት እንደሚማር ይጽፋል። ካስፈለገ እስከ 25 ዓመት ድረስ ይቀጥላል። አንዴ ከጸና በኋላ ውስጡ የተጻፈውን የትምህርት ድጋፍ ማሟላት የካውንስሉ የሕግ ግዴታ ነው። በጀት የለንም ማለት አይሠራም።

ብዙዎቻችን የማናውቀው ይሄን ነው፤ ወላጅ ራሱ መጠየቅ ይችላል። የትምህርት ቤቱ ፈቃድ አያስፈልግም። የሐኪም ወረቀት መጠበቅም ግዴታ አይደለም። ልጁ ልዩ ድጋፍ ሊያስፈልገው እንደሚችል፣ ለዚያም ፕላን ሊያስፈልግ እንደሚችል ማሳየት ይበቃል። እርግጠኛ መሆን አይጠበቅባችሁም። ካውንስሉ ጥያቄው ከደረሰው ቀን ጀምሮ በ6 ሳምንት ውስጥ ልጁን እገመግማለሁ ወይም አልገመግምም ብሎ መመለስ አለበት። ፕላን የሚሰጥ ከሆነ ደግሞ ሥራው በ20 ሳምንት ውስጥ ማለቅ አለበት። በተግባር ብዙ ካውንስሎች ያዘገያሉ፤ እውነቱ ይሄ ነው። ግን ቀኑን የያዘ ወረቀት ካላችሁ ትከራከራላችሁ።

ስለዚህ በጽሑፍ ጠይቁ። ኢሜል ይበቃል። እኛ ይሉኝታ አለብን፤ አስተማሪ እናከብራለን፣ ተጨቃጫቂ መባልን እንፈራለን፣ በር ላይ ቆመን በትሕትና አውርተን ወደ ቤት እንሄዳለን። በቃል የተባለ ነገር ግን ፋይል ውስጥ አይገባም። ቆይቶ «ነግሬያችሁ ነበር» ብትሉ የሚያስታውስ የለም።

እኔን ካውንስሉ መጀመሪያ «ልጁን መገምገም አያስፈልግም» ብሎኝ ነበር። እንዲህ ያለ ደብዳቤ ሲመጣ ብዙ ሰው ያበቃለት ይመስለዋል። አላበቃም። ይግባኝ የሚባልበት ትራይቡናል አለ። አይከፈልበትም፣ ጠበቃ የግድ አይደለም፣ አስተርጓሚም መጠየቅ ይቻላል። አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ የሽምግልና አማካሪ አነጋግሮ ሰርተፊኬት መያዝ ያስፈልጋል። ጊዜው ካውንስሉ ደብዳቤውን ከጻፈበት ቀን አንሥቶ 2 ወር ነው፣ ወይም ሰርተፊኬቱ ከወጣ 1 ወር፤ ከሁለቱ የዘገየው ይያዛል። ትራይቡናሉ አይቶ ከሚወስናቸው ጉዳዮች ከመቶ ከዘጠና በላይ የሚሆኑት ለወላጅ የሚፈረዱ ናቸው። ይህን ቁጥር እያወቀ እጁን የሚሰጥ ወላጅ ሊኖር አይገባም።

የፕላኑ ረቂቅ ሲደርሳችሁ ደግሞ በደንብ አንብቡት። አስተያየት ለመስጠት ቢያንስ 15 ቀን አላችሁ። ልጁ የሚሰጠው የትምህርት ድጋፍ የሚጻፍበትን፣ ኤፍ የሚለውን ክፍል ቃል በቃል እዩት። የልጄ ረቂቅ ላይ «እንደ አስፈላጊነቱ የንግግር ሕክምና የማግኘት ዕድል ይኖረዋል» ይል ነበር። ሲያዩት ጥሩ ይመስላል። ማን ይሰጠዋል? በሳምንት ስንት ጊዜ? ለስንት ደቂቃ? መልስ የለውም። ተከራክረን «በየሳምንቱ 45 ደቂቃ፣ ለብቻው፣ በንግግር ቴራፒስት» ተብሎ ተጻፈ። አሁን አንድ ሳምንት ቢቀርበት ደውዬ የምከራከርበት የተጻፈ ነገር በእጄ አለ።

የመኖሪያ ወረቀታቸው ያላለቀ ወላጆች ይፈራሉ። የልጅ ትምህርትና ይህ ፕላን ቪዛችሁ ላይ «አይፈቀድም» ተብሎ ከተጻፈው የመንግሥት ድጎማ ውስጥ አይቆጠርም። ለአካል ጉዳተኛ ልጅ የሚሰጠው ገንዘብ ግን ይቆጠራል፤ እሱን ከመጠየቃችሁ በፊት የኢሚግሬሽን አማካሪ አነጋግሩ።

ልጃቸውን ከሰው የሚደብቁም አሉ። አይፈረድባቸውም፣ የሰው አፍ ከባድ ነው። እኔም ልጄን ጠበል እወስደዋለሁ፤ ጠበሉ ኢሜል ከመጻፍ አላገደኝም። አገር ቤት ዘሚ የኑስ፣ ነፍሷን ይማር፣ የራሷን ልጅ ይዛ አደባባይ ወጥታ ስለ ኦቲዝም ባትናገር፣ በ2002 እንደ ፈረንጆቹ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ባትከፍት፣ ዛሬ ስንቱ ቤተሰብ በር ዘግቶ በተቀመጠ ነበር።

ነፃ እርዳታ አለ። በእያንዳንዱ ካውንስል ሴንዲያስ የሚባል ወላጆችን የሚያማክር አገልግሎት አለ። ኢፕሲያ የሚባለው በጎ አድራጎት ድርጅትም የደብዳቤ ናሙናዎችን በነፃ ያወጣል። ችግሩ ሁሉም በእንግሊዝኛ ነው፤ እሱም የሕግ እንግሊዝኛ።

እናንተን የምጠይቀው ይህንን ነው። ለካውንስል የሚላከውን የግምገማ መጠየቂያ ደብዳቤ እንግሊዝኛውን በአንድ ወገን፣ የአማርኛ ማብራሪያውን በሌላ ወገን አድርጋችሁ አንድ ገጽ ላይ አትሙልን። ከአንባቢዎቻችሁ መካከል ጠበቃ ወይም አስተማሪ ካለ ትርጉሙን ይይልን። እኔ የጻፍኩትን የልጄን ስም አጥፍቼ ልልክላችሁ ዝግጁ ነኝ።

ከአክብሮት ጋር
አንዲት እናት፣ ከደቡብ ለንደን