እማዬ፣ ግራ ዓይንሽን ተይው

ለውዷ እናቴ፣

እንደምን ከረምሽልኝ? አባዬስ? ወገቡ ተሻለው? እኔ እግዜር ይመስገን ደህና ነኝ። የቶሮንቶ ብርድ ነው እንጂ ሌላ ክፉ ነገር የለም። ባለፈው ስልክ ላይ «ግራ ዓይኔን ሲያርገበግበኝ ሰነበተ፣ ምን አግኝቶሽ ይሆን?» ስትይኝ ሳቄ መጣ። ስልኩን ከዘጋሁት በኋላ ግን እንቅልፍ አጥተሽ እንዳታድሪ ብዬ ይህን ጻፍኩልሽ። ምንም አላገኘኝም። መድኃኒትሽን ሰዓት ጠብቀሽ ዋጪ፣ ዓይንሽን ተይው።

ደግሞ በእንዲህ ዓይነት ነገር የምናምነው እኛ ብቻ እንዳይመስልሽ። የምኖርበት ሕንፃ ሊፍት ላይ ከ12 ቀጥሎ ያለው 14 ነው። 13 የሚባል የለም። ፎቁማ አለ፣ ሰውም ይኖርበታል፤ ስሙን ቀይረው 14 አሉት እንጂ። 4ን የሚዘሉ ሕንፃዎችም አሉ፤ እሷን ደግሞ ቻይኖቹ አይወዷትም።

ሥራ ቦታም ያው ነው። ሽማግሌዎችና ባልቴቶች በምንንከባከብበት ቤት አንድ ሌሊት ሁሉም ጸጥ ብለው ተኙልን። «ዛሬስ እንዴት ሰላም ነው!» ልል አፌን ስከፍት ነርሷ በእጇ ልታፍነኝ ምንም አልቀራት። እንደዚያ ከተባለ የየክፍሉ ደወል ተያይዞ ይጮሃል አሉ። እሷ የተማረች ሴት ናት እኮ። አንቺም ሰው የልጅ ልጅሽን «እንዴት ወፍሯል!» ሲልብሽ እንዲሁ ነው የምትደነግጪው።

ጠዋት ከሥራ ስመለስ ቡና አፈላለሁ። እንዴት እንደማፈላ ብታዪ ትስቂያለሽ። መጀመሪያ መስኮቱን እበረግደዋለሁ፤ ውጭው አጥንት የሚሰብር ብርድ ነው። ከዚያ ካፖርቴን ሳላወልቅ ምድጃው ጋ እቆማለሁ። በአንድ እጄ ቡናውን አምሳለሁ፣ በሌላው እጄ ጣራ ላይ ያለችውን የጭስ ደወል በፎጣ አራግብላታለሁ። ቡናው ጠቆር ብሎ ቅባቱ ብቅ ሲል ጭሱ ይነሳል፤ ያቺ ደቂቃ ናት ጭንቋ። አንድ ጊዜ ጮኻብኝ ጎረቤቱ ሁሉ በፒጃማ ኮሪደር ላይ ወጣ። ከሰል ቤት ውስጥ አይታሰብም፣ ይገድላል። እጣኗን የሩዝ ፍሬ ታህል በኤሌክትሪክ ማጨሻ አኖራታለሁ።

አቦሉን እጠጣለሁ፣ ቶናውን እጠጣለሁ። በረካው ላይ እንቅልፍ ያዳፋኛል፤ ሳልጠጣው ግን አልተኛም። በረካን ትቶ የሚነሳ ሰው ምርቃቱን ጥሎ ሄደ ትይ የለ? አምኜበት ነው ወይ ብትይኝ፣ እንጃ። ሌሊቱን ሙሉ ሰው ሳጥብና ሳገላብጥ አድሬ ሰው ሁሉ ወደ ሥራ ሲሮጥ እኔ ወደ አልጋዬ ነኝ። ቀንና ሌሊቱ ይምታታብኛል። ሦስተኛዋ ሲኒ ስታልቅ ግን ቀኔ አለቀ፣ አበቃ። ያን የሚነግረኝ ሌላ ነገር የለኝም።

ጫማ ጫማ ላይ ሲወጣ መንገድ አለ ያልሽውን ግን አልተቀበልኩም። እዚህ በክረምት የሁሉም ሰው ቦቲ በር ላይ ተቆልሎ ነው የሚውለው። በዚያ ቢሆን እስካሁን ዓለምን ዞሬ ነበር!

ሁሉንም ግን እኩል አላየውም። ልጆች ሆነን ወደ ደንገጎ ተራራ በኩል ሰማዩ ከጠቆረ የደቻቱን ወንዝ አታሻግሪንም ነበር። ድሬዳዋ ላይ ጠብ ሳይል፣ አሸዋው ደርቆ እያየነው፣ «ዝም በሉ፣ አይሻገሩም» ነበር መልስሽ። ያ ገድ አልነበረም፣ እውቀት ነበር። ዝናቡ የሚጥለው ተራራው ላይ ነው፣ ጎርፉ የሚወርደው እኛ ላይ ነው። የ1998ቱ ክረምት ጎርፍ ሌሊት መጥቶ ከ200 በላይ ሰው ይዞ ሄደ።

አንዷን ግን ተይልኝ። ጠዋት ባዶ ጀሪካን የያዘ ሰው ፊት ለፊት ከመጣብሽ መንገድ ታሳብሪያለሽ። ያቺ ለሰው ቤት ውሃ የምታመላልሰው ሴትዮ ምን አደረገችሽ? ውሃ ልትቀዳ የምትሄድ ሴት ሙሉ ጀሪካን ተሸክማ ልትሄድ ነው? ስታዞሪባት እኮ ታያለች። አንገቷን ስትደፋ እኔ አይቻለሁ። ገደ ቢስ ተብሎ መኖር ቀላል ነገር አይደለም። በሚቀጥለው ስታገኚያት «እንዴት አደርሽ» ብለሽ እለፊያት።

ሌላው የቁልቢ ስለትሽ ነው። ወረቀቴ ወጥቷል፣ ስለትሽ ሰምሯል፣ ገንዘቡንም ልኬያለሁ። የጥላውን ዓይነት አንቺ ምረጪ። ግን የታኅሣሥ 19 ግፊያ ለጉልበትሽ አይሆንም። ገብርኤል እንደሆነ በየወሩ በ19 አለ፤ መንገዱ ቀለል በሚልበት ወር ሄደሽ ብታስገቢው አይቀየምሽም። አባዬን ይዘሽው እንዳትሄጂ፣ የደንገጎ ጠመዝማዛ ለወገቡ አይሆንም። ጎረቤታችን ሐጂያ እንደ ሁልጊዜው አብራሽ ብትሄድ ደስ ይለኛል።

ወደዚህ የሚመጣ ሰው ካገኘሽ እጣን ላኪልኝ፣ በርበሬው ገና አላለቀም። ጣፋጩን ሙሸበክ ግን አትላኪ፤ መንገድ ላይ ተላቅጦ ያንን ሁሉ ልብስ አበላሽቶብኛል። ታናሼን ደግሞ ስልኳን ታንሳልኝ በያት።

ልጅሽ፣ ከቶሮንቶ