ማባያው ባንቺ ላይ መውደቁን ሰምቼ ነው

ሸዋ ሮቢት፣ ታኅሣሥ 18

ለውዷ ጓደኛዬ፣

እንደምን ከርመሻል? ልጆቹስ? ባለቤትሽስ? እማማስ ጉልበታቸውን ተሻላቸው? ጠፋሁብሽ፣ አውቃለሁ። ይቅር በዪኝ፤ ስንገናኝ እስኪበቃሽ ትቆጪኛለሽ። ዛሬ ግን ለቁጣ ጊዜ የለንም። እህትሽ ደውላ የዘንድሮው ገና አንቺ ቤት መሆኑን ነገረችኝ። ዶሮውን አማትሽ ይሠራሉ፣ በጉን የባለቤትሽ ወንድሞች ከመንዝ ያመጣሉ፣ ማባያው በሙሉ ባንቺ ላይ ነው አለችኝ። ሃያ ሰው! «ማባያ ምን አላት፣ በዋዜማው ትደርሳለች» ማለትሽንም አልደበቀችኝም። ይሄኔ ነው ብዕር ያነሳሁት። አትደርስም እህቴ። ወተቱ እስከ 22 ተሟልቶ እቃው ውስጥ ካልገባ አይቡ ለ29 አይደርስልሽም።

ደግሞ ሌላውን አስቢው። ከኅዳር 15 ጀምሮ ጾም ላይ ነን። አይቡንም፣ ቅቤ የሚገባበትን ጎመንም የምትሠሪው ሳትቀምሺ ነው። ወጥ የለመደች ሴት ቁሌቱን በሽታው ታውቀዋለች፤ የአይብ ጨው ግን በሽታ አይታወቅም። ስለዚህ ለገና ማባያ ግምት ይቅርና መለኪያ ያዢ። የሻይ ማንኪያ ጨው፣ አናቱ በቢላ ጀርባ ተላጭቶ፣ 5 ግራም ግድም ነው። ለ1 ኪሎ የበሰለ ምግብ ሁለት እንደዚህ ያለ ማንኪያ አድርጊና አቁሚ። የጎደለ ጨው ገበታ ላይ ይሞላል፤ የበዛውን ግን ማንም አያወጣውም። ትንሹ ልጅሽ ገና መጾም ስላልጀመረ እሱን አስቀምሺው። «ይጣፍጣል ወይ?» ብለሽ ግን አትጠይቂው፣ ልጅ ለዚህ መልሱ ሁልጊዜ አዎ ነው። «ጨው አለው ወይ?» በዪው።

ከአይቡ ልጀምር፤ ረጅሙ እሱ ነውና። ለሃያ ሰው 2 ኪሎ ይበቃል፤ አንዱ ኪሎ ብቻውን ከዶሮው ጋር፣ ሌላው ከጎመኑ ጋር። 1 ኪሎ አይብ ወደ 8 ሊትር አሬራ ይፈልጋል። 16 ሊትር አሬራ እንዲወጣልሽ ወተቱን 18 ሊትር አድርጊው። በጾሙ ወተት ፈላጊው ስለሚቀንስ ከላም አርቢ በቀጥታ ብትገዢ አታጪም። የላስቲክ ወተት ካልሆነ በቀር አላገኘሁም ካልሽ ግን ዝም ብለሽ አታስቀምጪው። ፋብሪካ ሲያሞቀው የሚያረጋው ነገር ሞቶበታል፤ ብቻውን ቢከርም ይመርራል እንጂ አይረጋም። ለብ አድርጊውና ለየ5 ሊትሩ አንድ የቡና ስኒ ጥሩ እርጎ ጨምሪበት።

እቃውን በወይራ በደንብ አጥኚው። ጭሱ ለሽታ ብቻ አይደለም፣ ወተቱ ክፉ ጠረን እንዳያመጣም ይጠብቀዋል። እኛ ቆላ ነንና ዛሬ የተቀመጠ ወተት ነገ ይረጋል። እናንተ ጋ ደብረ ብርሃን የታኅሣሥ ውርጭ እያለ አራትና አምስት ቀን ሊፈጅ ይችላል። በጋቢ ጠቅልለሽ ምድጃው ካለበት ክፍል አኑሪው፤ እሳቱ ዳር ግን አይደለም፣ በአንድ ጎኑ ሞቆ በሌላው ቀዝቅዞ እኩል አይረጋም። በየቀኑ እየጨመሩ ማጠራቀም ክፋት የለውም፤ ከመጨረሻው ወተት በኋላ ግን ቢያንስ ሁለት ቀን ሳይነካ ይቀመጥ። ትኩስ ወተት የገባበት እርጎ በቂ ኮምጣጣነት ስለማይኖረው ሲጣድ አይብና አጓቱ አይለያይም።

በ26 ናጪው። በጠዋቱ ብርድ ከጀመርሽ ክንድሽ ይዝላል እንጂ ቅቤው አይወጣም፤ እርጎው 18 ወይም 20 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ነው ቅቤ የሚሰበሰበው። ረፋድ ላይ ፀሐይ አስመቺውና ጀምሪ። ቅቤውን ካወጣሽ በኋላ አሬራውን በሰፊ ድስት ለስላሳ እሳት ላይ ጣጂው። ከሰል ይሻላል፤ መብራት የበዓል ሰሞን አይታመንም፣ ምድጃውም ቶሎ ይግላል። አሁን ዋናውን አድምጪኝ፦ አታማስዪው። ማማሰል አይቡን ያደቀዋል፣ የደቀቀው ከአጓቱ ጋር በሻሹ ያመልጣል፣ ከ16 ሊትር ጠብቀሽ የሚቀርሽ ግማሹ ይሆናል። ከሠላሳ እስከ አርባ ደቂቃ ባለው ጊዜ ነጩ ወደ ላይ ይሰበሰብና በድስቱ ዳር ዳር ወደ አረንጓዴ የሚያደላ ቢጫ ውሃ ይታይሻል። ጣትሽን ስትነክሪ ይሞቃል፣ ግን ለማውጣት አያስቸኩልም። ያኔ አውርጂው። ከዚያ ካለፈና ከፈላ አይቡ እንደ ጎማ ይሆናል፤ ጥርስ ላይ ይንጫጫል፣ ቅቤም አይጠጣም። ማዳኛ የለውም።

ካወረድሽው በኋላ እዚያው ድስት ውስጥ ሁለት ሰዓት ይቀዝቅዝ፣ አይቡ ይጠነክራል። ከዚያ በጭልፋ እየጨለፍሽ ሻሽ በተነጠፈበት ወንፊት ላይ አድርጊና ሻሹን ቋጥረሽ ስቀዪው፤ ሌሊቱን ይንጠፍጠፍ። በእጅሽ አትጭመቂው፣ የተጨመቀ አይብ ይደርቃል። ከዶሮው ጋር የሚቀርበው ጨውም ቅቤም አይግባበት። የወጡን ቃጠሎ ለማብረድ ነው የሚመጣው፤ ያ ሥራው ይበቃዋል። እስከ 29 ማቀዝቀዣ ውስጥ ይቆያል፤ ማቀዝቀዣው ከሞላም የናንተ ጓዳ በታኅሣሥ በቂ ብርድ አለው፣ ብቻ ክደኚው።

ጎመኑ ቀላል ነው ብለሽ የምትዘናጊበት እሱ ነው። 4 ኪሎ ያበሻ ጎመን ግዢ፤ አገዳው ወጥቶ፣ ተቀቅሎ፣ ተጨምቆ ግማሹን ያህል ነው የሚቀርሽ። ከጓሮ የምትቀጥፊ ከሆነ ውርጩ ከቅጠሉ ላይ ሳይለቅ አትንኪው፤ በረዶ የያዘው ቅጠል እጅ በነካው ቦታ ይጠቁራል። ረፋድ ላይ ቅጠፊ። በጨው ውሃ አሥር ደቂቃ ዘፍዝፊና ተባዩ ሲለቅ እጠቢው። በብዙ ውሃ፣ ውሃው ከተንተከተከ በኋላ ጨምሪውና ሳትከድኚ ቀቅዪው። አንቺ ደግሞ ክዳን ትወጃለሽ! ከከደንሽው ከቅጠሉ የሚወጣው ኮምጣጣ እንፋሎት ተመልሶ ይወርድበትና አረንጓዴው ወደ ቡላ ይለወጣል። ሎሚም ቲማቲምም ቢነካው እንዲሁ ነው። ሲለሰልስ አውጪና ቀዝቃዛ ውሃ አፍስሺበት፣ በሁለት መዳፍሽ እየጠቀለልሽ ጨምቂው፣ ከዚያ ጠብታ እስኪያልቅ ድረስ አንድ ጊዜ ድገሚው። አድቅቀሽ ክተፊው።

ግማሹን በዘይት፣ በሽንኩርት፣ በነጭ ሽንኩርትና በዝንጅብል አብስዪው፤ ቃሪያው መጨረሻ ይግባ። ከአርባ ቀን በላይ ቅቤ ያልነካ ሆድ አለና እማማን የመሰሉ አዛውንቶች መጀመሪያ እሱን ይፈልጋሉ። ሌላው ግማሽ ለአይቡ ነው። 1 ኪሎ ጎመን፣ 1 ኪሎ አይብ፣ 150 ግራም የተነጠረ ቅቤ፣ የተፈጨ ኮረሪማ አንድ የሻይ ማንኪያ፣ ሚጥሚጣ አንድ፣ ጨው አራት። ጎመኑ ሳይቀዘቅዝ አይቡን አትቀላቅዪ፤ ትኩስ ላይ የገባ አይብ ውሃ ይለቅና እንጀራውን ያረጥብብሻል። ቅቤው ደግሞ በናንተ ብርድ ተመልሶ ነጭ ፍሬ ፍሬ ሆኖ ይረጋል፣ አፍ ላይ ሲሄድ ደስ አይልም። ለዚህ መፍትሔው ቅቤውን ቀልጦ ለብ ሲል፣ ከመቅረቡ ሩብ ሰዓት በፊት መቀላቀል፣ ሳህኑንም ሙቅ ውሃ ላይ አስቀምጦ መጠበቅ ነው። ጎመኑና አይቡ በ28 ለየብቻ ተዘጋጅተው ያድሩ፤ የ29ኙ ሥራ ማዋሐድ ብቻ ይሁን።

በዘይት ከሚሠራው ጎመን በቀር እስካሁን ያልኩሽን ሁሉ መቅመስ አትችዪም። አዚፋውና ቀይ ሥሩ ግን የጾም ናቸውና እንደልብሽ ቅመሺ፤ 28ን ለእነሱ ስጪ። ለአዚፋው 1 ኪሎ ድፍን ምስር ይበቃል፣ ሲበስል ከእጥፍ በላይ ይሆናል። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ስለሆነች ውሃው 90 ዲግሪ አካባቢ ላይ ይፈላል፤ ከዚያ በላይ አይግልም። እኛ ጋ በግማሽ ሰዓት የሚበስለው ምስር እናንተ ጋ አርባ አምስት ደቂቃና ከዚያም በላይ ይፈልጋል። እሳት ብትጨምሪ ውሃው ቶሎ ያልቃል እንጂ ምስሩ አይፈጥንም። ሎሚ ሳይበስል እንዳይነካው፣ ልጣጩን ያጠነክረዋል። የዘንድሮ ምስር መሆኑን ጠይቀሽ ግዢ፤ የከረመው ቀኑን ሙሉ ቢጣድ ልቡ አይበስልም። ሲበስል ውሃውን አጥልዪ፣ ግማሹን በማማሰያ ጀርባ ጨፍልቂ፣ ግማሹን ተዪው፣ ይቀዝቅዝ።

ስናፍጩን አድቅቀሽ አራት የሾርባ ማንኪያ ያህል በቀዝቃዛ ውሃ ለውሺና ሩብ ሰዓት ክደኚው። ሙቅ ውሃ ከነካው ኃይሉ ይሞታል፣ መራራነቱ ብቻ ይቀራል። ሎሚም ቀድሞ ከገባበት ኃይሉን ሳያወጣ ይቆማል። ወደ አፍንጫሽ አስጠግተሽ ዓይንሽን ሲቆነጥጥሽ ደርሷል። ያኔ ከምስሩ ጋር አዋሕጂና የስድስት ሎሚ ጭማቂ፣ አንድ የሻይ ብርጭቆ ዘይት፣ ሦስት የተከተፈ ሽንኩርት፣ ስምንት ቃሪያ ጨምሪ። ጨዉን ከአራት ማንኪያ ጀምሪና እየቀመስሽ ሂጂ።

ቀይ ሥሩን ከነልጣጩ፣ ጭራውን ሳትቆርጪ ቀቅዪው፣ አለበለዚያ ቀለሙ ውሃው ውስጥ ይቀራል። ድንቹ ለብቻው ይቀቀል፤ ሁለቱ የሚገናኙት ከቀዘቀዙ በኋላ ነው። ሁለት ሁለት ኪሎ ይበቃል። ስንግ ቃሪያውን ማንም ቀድመሽ ሙዪው ቢልሽ እንዳትሰሚ፣ ጨው የነካው ሽንኩርት ውኃ ይለቃል፤ ሰዉ ሊቀመጥ ሲል ሙዪው። ዱለቱ የወንዶቹ ነው፣ እሱን ለእነሱ ተዪላቸው።

ሲቀርብ አዚፋውን በትንሽ ሳህን ለብቻው አድርጊው። ስናፍጩና ሎሚው የዶሮው ወጥ ውስጥ ከገባ አማትሽ ሌሊቱን ቆመው ያቁላሉት ሁሉ ጣዕሙ ይለወጣል። ቀይ ሥሩም መሶቡ ዳር ላይ፣ ከአይቡ ራቅ ብሎ ይቀመጥ።

እንግዲህ… አንድ ነገር ልጠይቅሽ ነው፤ ጽፌው ሰረዝኩት፣ መልሼ ጻፍኩት። ይህን ያህል ጊዜ ጠፍቼ ቆይቼ በበዓል ሰሞን ከች ማለት ይከብዳል። ግን በ27 ብመጣ ምን ይመስልሻል? በሻሽ የተሰቀለውን አይብ ማውረዱን ለኔ ተዪልኝ፣ ጎመኑንም አብረን እንጨምቃለን። ካልተመቸሽ በግልጽ ንገሪኝ፣ ምንም አይመስለኝም። አይ፣ ይሄስ እውነት አይደለም፤ ይመስለኛል፣ ናፍቀሽኛልና። የበሬሳ ወንዙን ጉዳይ ግን ቃል እገባለሁ፣ ባለቤትሽ ፊት አላነሳም።

ለማንኛውም ሽንኩርትና ሎሚ እንዳትገዢ። እዚህ ሁለቱም የተሻለ ነው፤ በ25 ጠዋት በሚወጣው ሚኒባስ 5 ኪሎ ሽንኩርትና ሠላሳ ሎሚ እልክልሻለሁ። ስናፍጩንና ኮረሪማውን ግን አንቺው አስፈጪ። ደብዳቤው እንደደረሰሽ ደውዪና ሁለት ነገር ንገሪኝ፦ ሰዉ ሃያ ብቻ ነው ወይስ ጨምሯል? ወተቱንስ የላም አገኘሽ ወይስ የላስቲክ? የላስቲክ ከሆነ የሚያረጋውን እርጎ ከሽንኩርቱ ጋር መላክ አይዘልቅምና በ20 ቀድሞ እንዲደርስሽ ሰው እፈልጋለሁ።

እማማን ጉልበታቸውን ሳሚልኝ።

ያንቺው ጓደኛ