ብርድ ልብሱ ደርሶኛል

የኔ እህት፣

ብርድ ልብሱ ደርሶኛል። የደረሰኝ ከስድስት ወር በፊት ነው። በእጅሽ ሠርተሽ፣ "እንኳን በሰላም ተገላገልሽ" ብለሽ ጽፈሽ ላክሽልኝ። እኔ ግን አንዲት "አመሰግናለሁ" እንኳ ሳልመልስልሽ ይኸው ልጁ ጥርስ ሊያወጣ ነው። ሰበብ አልደረድርልሽም። ይቅር በይኝ። ሌላም ይቅርታ አለብኝ፣ ከዚህኛው የሚከብድ፤ እሱን ትንሽ ቆይቼ እመጣበታለሁ፣ መጀመሪያ ትንፋሼን ልሰብስብ።

አሁን ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ተኩል ነው። የምጽፍልሽ ኮሪደር ላይ ተቀምጬ፣ ጀርባዬን ግድግዳ ላይ አስደግፌ ነው። ከኋላዬ የኛ መኝታ ቤት አለ፣ ልጁ እዚያ ተኝቷል። ከፊት ለፊቴ ደግሞ የሱ ክፍል አለ፣ ባዶውን።

ስድስት ወር ከሦስት ሳምንት ሆነው። አልጋው አሁንም ከኔ ጎን ነው፣ እጄን ስዘረጋ እነካዋለሁ። ክፍሉ ግን ከተዘጋጀ ሁለት ወር አለፈው። ባለቤቴ ግድግዳውን ቀባ፣ መጋረጃ ሰቀለ፣ ቁም ሣጥኑ እንዳይወድቅበት ከግድግዳው ጋር በብሎን አሰረው። የልጁን ድምፅ ወደኛ ክፍል የሚያሰማውን ሞኒተር ገመድ እንኳ ልጁ ስቦ አንገቱ ላይ እንዳይጠመጥመው ከአልጋው ከአንድ ሜትር በላይ አራቀው። ቴርሞሜትርም ገዛ፤ ለሕፃን መኝታ ከ16 እስከ 20 ዲግሪ ጥሩ ነው ስለሚባል ጠዋት ማታ እያየ ይነግረኛል። ሁሉም ነገር አልቋል። የቀረው ልጁን ታቅፎ አሥራ አንድ እርምጃ መሄድ ነው። ቆጥሬዋለሁ። እነዚያን አሥራ አንድ እርምጃዎች ነው ያቃተኝ።

ማታ ማታ እንዴት እንደምንኖር ልንገርሽ። ልብሳችንን የምንቀይረው እዚሁ ኮሪደር ላይ ነው። መብራት አናበራም። ባለቤቴ ሳል ሲይዘው ትራሱን አፉ ላይ ጭኖ ይስላል። አልጋችን በኔ በኩል አንድ የሚንቋቋ እንጨት አለው፣ እሱን ላለመንካት ከግርጌ በኩል እየዳህኩ ነው የምገባው። ይህን ሁሉ ሆኜ ገና ጭንቅላቴን ሳላሳርፍ ኮሽ ይላል። ቀና ስል በሆዱ ተገልብጦ፣ በክርኖቹ ተደግፎ፣ በአልጋው ፍርግርግ መሀል ሁለት ዓይኖቹን አፍጥጦ ያየኛል። አያለቅስም። ያየኛል ብቻ። ከዚያ ፈገግ ይላል፣ በቃ እንቅልፍ የለም፣ ሌሊቱ አለቀ።

እውነቱን ለመናገር የሚቀሰቅሰው እኔም ነኝ። ሕፃን በእንቅልፉ ሲያቃስት፣ ሲያጉረመርም፣ እግሩን ሲያወራጭ ነቃ ማለት አይደለም። በየአንድ ሰዓቱ ገደማ ከከባድ እንቅልፍ ወደ ቀላል ይሸጋገራል፣ ያኔ ድምፅ ያሰማል፣ ካልነኩት ብዙ ጊዜ መልሶ ይተኛል። ይህን ያወቅሁት ገና ባለፈው ሳምንት ነው። እስከዚያ ድረስ እምም ባለ ቁጥር ብድግ እያልኩ አንሥቼ ሳቅፈው ነበር፤ ለካ የተኛ ልጅ ነው ስቀሰቅስ የከረምኩት። ማክሰኞ ሌሊት እጄን በሌላኛው እጄ ይዤ እስከ ስልሳ ቆጠርኩ። አርባ ሁለት ላይ ዝም አለ። አለቀስኩ። ለምን እንዳለቀስኩ አሁንም አልገባኝም።

ባለቤቴ "ጊዜው ደርሷል" ይላል። በዚህ ጉዳይ ስንጨቃጨቅ ብትሰሚን ፍርድ ቤት የቆምን ነው የሚመስልሽ። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው ምክር፣ ሕፃን የራሱ አልጋ ላይ ሆኖ ከወላጆቹ ጋር አንድ ክፍል ይተኛ፣ ቢቻል አንድ ዓመት እስኪሞላው፣ ቢያንስ ግን ስድስት ወር ብሎ ነበር። በ2022 ሲያሻሽለው "ቢያንስ ስድስት ወር" የሚለውን አስቀመጠ፣ አንድ ዓመት የምትለዋን ግን አወጣት። የእንግሊዝ የጤና አገልግሎትም የሚለው ስድስት ወር ነው። እኔ የ2016ቱን ይዤ እሟገታለሁ፣ እሱ የ2022ቱን ይዞ ይመልስልኛል። ደግሞ አንድ በ2017 የታተመ ጥናት አግኝቷል፤ ከአራት ወር በፊት በራሳቸው ክፍል መተኛት የጀመሩ ልጆች ዘጠኝ ወር ሲሞላቸው፣ ያኔም ከወላጆቻቸው ጋር አንድ ክፍል ከሚተኙት በሌሊት 40 ደቂቃ ያህል የበለጠ ይተኙ ነበር ይላል። አርባ ደቂቃ! አርባ ደቂቃ ምን ማለት እንደሆነ ለኔና ላንቺ መንገር አያስፈልግም።

ሐኪማችንን ጠየቅኳት። በጣም ታጋሽ ሴት ናት። በሕፃናት ላይ በእንቅልፍ ላይ እያሉ የሚደርሰው ድንገተኛ ሞት አብዛኛው ከስድስት ወር በፊት ነው የሚያጋጥመው፣ በተለይ ከአንድ እስከ አራት ወር ባለው ጊዜ፤ ያንን አልፋችሁታል አለችኝ። ከዚህ በኋላ ያለው የናንተ ውሳኔ ነው፣ ትክክለኛ ቀን የሚባል የለም አለች። እንደዚያ ስትለኝ ደስ ሊለኝ ሲገባ ተናደድኩባት። ቀኑን ቆርጣ ብትሰጠኝ ነበር የምፈልገው። እግሩ ላይ ታስሮ ልቡንና ኦክስጅኑን የሚቆጥር ካልሲ ልግዛ ወይ ስላት ደግሞ፣ "እሱ አንቺን ያረጋጋሽ ይሆናል፣ ልጁን ግን የሚጠብቀው በጀርባው መተኛቱ፣ ጠንካራ ፍራሽና ባዶ አልጋ ነው" አለችኝ። በጀርባው አስተኝቼው ዞር ስል ይገለበጣል ስላት፣ በሁለቱም በኩል ራሱ መገልበጥ ከቻለ ተይው፣ አንቺ ግን ሁልጊዜ ስታስተኚው በጀርባው ይሁን አለች።

እንግዲህ የፈራሁት ቦታ ላይ ደረስኩ።

ለባለቤቴም ያልነገርኩት ነገር አለ። ልጁ ሦስተኛ ወሩ ላይ እያለ ነው። ለተከታታይ አምስት ሌሊት አልተኛንም ነበር። ባለቤቴ በማግስቱ ሥራ ስለነበረው እንዳልቀሰቅሰው ብዬ ልጁን ይዤ ሳሎን ሄድኩ፣ ሶፋው ላይ ሆኜ ማጥባት ጀመርኩ። ዓይኔን ለአንድ አፍታ ነው የጨፈንኩት ብዬ አስባለሁ። ስነቃ ግን መስኮቱ ነግቷል። ጡቴ ላይ የለም። እቅፌ ውስጥ የለም። በኔ ጎንና በሶፋው መደገፊያ መሀል ወርዶ፣ ፊቱን ወደ መደገፊያው አዙሮ ተኝቷል። እንዴት እንዳነሣሁት አላስታውስም። ይተነፍስ ነበር። ደህና ነበር። እንዲያውም ሳነሣው አዛጋ። ጉንጩ ላይ ግን ከዓይኑ ሥር እስከ አፉ ድረስ የሶፋው ስፌት ታትሞ ነበር። ያ መስመር እስኪጠፋ ድረስ፣ ግማሽ ሰዓት ይሁን አንድ ሰዓት፣ መስኮቱ አጠገብ ይዤው ቆሜ አየሁት።

በኋላ ሳነብ ምን አገኘሁ መሰለሽ፣ አዋቂ ሰው ሕፃን ታቅፎ እንቅልፍ ሊጥለው ከሚችልባቸው ቦታዎች ሁሉ ሶፋና ባለመደገፊያ ወንበር እጅግ አደገኞቹ ናቸው። እያጠባሁ ሊጥለኝ ይችላል ብላ የምትሰጋ እናት ትራሱንና ብርድ ልብሱን አንሥታ የራሷ አልጋ ላይ ብታጠባ ይሻላል፤ ልክ ስትነቃም ወደ ራሱ አልጋ መመለስ ነው። እኔ ደግሞ ጥንቃቄ መስሎኝ አልጋውን ሸሽቼ ሶፋው ላይ ሄድኩ። ከዚያን ቀን ወዲህ ነው ልጁ ከእጄ ርቀት እንዲወጣ የማልፈልገው። አየሽ፣ የ2016ቱም የ2022ቱም ጉዳይ አይደለም። ያ ስፌት ነው።

እና ያን ጠዋት፣ መስኮቱ ጋ ቆሜ፣ ያሰብኩት አንቺን ነው።

ልጅሽ አራት ወር ሲሆናት ደውለሽልኝ "ወደ ራሷ ክፍል ልወስዳት ነው፣ አብራኝ ስትሆን በተንቀሳቀሰች ቁጥር አነሣታለሁ፣ አቅፌያት እንቅልፍ ይጥለኛል፣ እፈራለሁ" አልሽኝ። "እፈራለሁ" ያልሽው እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ። እኔ ያኔ ልጅ የለኝም። ሌሊት ሙሉ እተኛለሁ። "በአራት ወሯ ከክፍልሽ ልታስወጫት ለምን ወለድሻት ታዲያ?" አልኩሽ። ዝም አልሽ። ከዚያ "እሺ፣ ደህና ሁኚ" ብለሽ ዘጋሽው። ሁለት ዓመት አለፈ። አንቺ አልተቀየምሽኝም፣ ብርድ ልብስ ሠርተሽ ላክሽልኝ። ዝም ያልኩት እኔ ነኝ፤ አፍሬ ነው። ዕድሜ ልኬን ከተናገርኳቸው ነገሮች ሁሉ አንድ መልሰሽ ዋጪ ብባል እሱን ነው የምውጠው።

አልዋሽሽም፣ እስከ ስድስት ወር አንድ ክፍል መተኛት ይሻላል የሚለውን ዛሬም አምናለሁ። አጠገባችን ሲሆኑ እንቅልፋቸው ቀለል ይላል፣ ያ መቅለሉ ራሱ ይጠብቃቸዋል ይባላል። ግን አንቺ ምክር አልነበረም የጠየቅሽኝ። እየወደቅሽ እንደሆነ ነበር የነገርሽኝ። "ማታ መጥቼ ልያዝልሽና አንቺ ተኚ" ማለት እችል ነበር። ይቅር በይኝ። ይኸው፣ ወጣልኝ።

አሁን ወደ ጥያቄዬ። በእርግጥ የጻፍኩልሽ ይቅርታ ለመጠየቅም ነው፣ ግን ጥያቄም አለኝ፣ ሌላ የምጠይቀው ሰው የለኝም።

ካለፈው ቅዳሜ ጀምሮ የቀን እንቅልፉን እዚያ ክፍል አድርገነዋል። መጀመሪያ ቀን ጣሪያውን እያየ ብዙ ቆየ፣ በመጋረጃው ጫፍ የሚገባውን ብርሃን በእጁ ሊይዝ ሞከረ፣ ከዚያ ተኛ። እኔ በሩ ሥር ተቀምጬ ነበር። አንድ ሰዓት ከሩብ ተኛ! እኛ ክፍል ከሰላሳ ደቂቃ አልፎ አያውቅም። ደስ አለኝ፣ ደግሞ ከፋኝ። ሁለቱም በአንዴ።

ሌሊቱ ግን ሌላ ነው። ብዙ ቆይቼ ደግሞ ስምንት ወር ከገባው ከናቱ መለየት የሚፈራበት ጊዜ ይጀምራል፣ ያኔ ይብሳል ይሉኛል። ስለዚህ ዓርብ ማታ ብለን ቀን ቆርጠናል። ባለቤቴ "ለመጀመሪያዎቹ ቀናት አንቺ እዚያ ክፍል መሬት ላይ ፍራሽ አንጥፈሽ ተኚ፣ እሱ ክፍሉን ይልመድ፣ ከዚያ አንቺ ትወጫለሽ" አለኝ። ወደድኩት። ግን ከገባሁ የማልወጣ ይመስለኛል። አንቺ እንዲህ አድርገሽ ነበር? ወይስ አንዴ ቆርጠሽ ነው?

ደግሞ ይህን ንገሪኝ፦ አንቺ እኮ ፈተና ሊጀመር አምስት ደቂቃ ሲቀረው ጠረጴዛ ላይ ተደፍተሽ የምትተኚ ሰው ነሽ። ቀስቅሼሽ ነው ያለፍሽው፣ እንዳትክጂ። ታዲያ ግድግዳ ለይቷችሁ ልጅሽን እንዴት ትሰሚያት ነበር? ሞኒተሩን ሌሊት ሙሉ ጆሮሽ ሥር ነበር የምታደርጊው? እኔ ትናንት ሞክሬው ነበር፣ የባዶውን ክፍል ድምፅ ሌሊቱን ሙሉ ስሰማ አደርኩ።

ብርድ ልብስሽ ልጁ አልጋ ውስጥ የለም፣ እንዳይከፋሽ። ዓመት ሳይሞላው አልጋው ውስጥ ብርድ ልብስም ትራስም አሻንጉሊትም አይገባም፣ እንደ ከረጢት የሚለበስ የእንቅልፍ ልብስ ነው የሚለብሰው። ብርድ ልብሱ እዚያ ክፍል፣ እኔ የማጠባበት ወንበር ላይ ነው። ቀን ቀን ስይዘው ጫፉ ላይ ያለችውን ቢጫ መስመር በሁለት ጣቱ ይዞ ነው የሚጠባው። ያችን መስመር አንድ ቀን አበጣጥሶ ይጨርሳታል።

እየነቃ ነው መሰለኝ። አይ፣ ቆይ፣ ልቁጠር።

ተኛ።

ስልኬ ያው ነው፣ አልቀየርኩም። ሌሊትም ቢሆን ደውዪ፣ የምተኛ ሰው አይደለሁም። ዓርብ ሳይደርስ ግን አንድ ነገር ብቻ መልሺልኝ፦ የመጀመሪያዋን ሌሊት በሩን ዘግተሽ ነው የወጣሽው፣ ወይስ ገርበብ አድርገሽ?