የጣና ወሰን በችካል ይታወቅ

ለባህር ዳር ከተማ አስተዳደር ከንቲባ ጽህፈት ቤት

ክቡር ከንቲባ፣

የምለምንዎ አንድ ነገር ነው። ሐይቁ የሚያበቃበትና የግንባታ መሬት የሚጀምርበት መስመር መሬት ላይ ይቸከል። ይህ ሳይሆን በጣና ዳርቻ አዲስ ቦታ ለማንም አይሰጥ።

ጣና አንድ ቦታ እንደማይቆም እርስዎም ያውቃሉ። መስከረምና ጥቅምት ላይ ሞልቶ ወደ እኛ ይጠጋል፣ ግንቦት ላይ ይሸሻል። ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት በጨረጨራ ግድቡ ከተሠራ ወዲህም የውሃው ከፍታ ከባህር ጠለል በላይ በ1784 እና በ1787 ሜትር መካከል ከፍ ዝቅ እንዲል ነው የታሰበው። ሦስት ሜትር ትንሽ ይመስላል። ዳርቻው ሜዳ በሆነበት ግን ውሃው ብዙ ርቀት ይገባል። ስለዚህ በግንቦት ተለክቶ የተሰጠ ቦታ በጥቅምት ውሃ ውስጥ ሊገኝ ይችላል። ገንዘቡን ያፈሰሰ ሰው ደግሞ ዝም ብሎ አያይም፤ ድንጋይና አፈር ይደፋል። ከሥር የሚቀበረው በዳርቻው የሚበቅለው ደንገል (ፓፒረስ) ነው።

ደንገል ለወይጦ ወገኖቻችን ታንኳ ነው። ለዓሣው መራቢያ ነው። ከከተማው የሚወርደውን ደለልና ቆሻሻ ውሃ የሚይዝልንም እሱ ነው። እንቦጭ የተባለውን መጤ አረም ለመንቀል ስንት ሰው ውሃ ውስጥ ገብቶ ለፍቷል! እንቦጭ ደግሞ የሚፋፋው ወደ ሐይቁ በሚገባው ቆሻሻና ማዳበሪያ ነው። ደንገሉን እየደፈንን እንቦጭ መንቀል ልፋቱን ከንቱ ያደርገዋል።

ሕጉ አለ። የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574/2000 ነዋሪው በፕላን ዝግጅት እንዲሳተፍ ይላል። ጣናም ከ2007 ዓ.ም. ጀምሮ በዩኔስኮ የተመዘገበ ባዮስፌር ሪዘርቭ፣ ማለትም ተፈጥሮው ከነዋሪው ኑሮ ጋር አብሮ የሚጠበቅበት ቦታ ነው። ግን የነዋሪ ተሳትፎ በየከተማው ምን እንደሚመስል እናውቀዋለን። አዳራሽ ይሞላል፣ ፕላኑ በስክሪን ላይ ይታያል፣ ሁለት ሦስት ሰው አስተያየት ይሰጣል፣ ሻይ ተጠጥቶ ይበተናል። ዓሣ አስጋሪው በስክሪን ካርታ ላይ ምን ሊል ይችላል? ዳርቻው ላይ ቢያቆሙት ግን ውሃው እስከ የት እንደሚደርስ በእጁ ያሳያል። ባህር ሸሽ፣ ውሃው ሲሸሽ የሚገለጠውን መሬት፣ የሚያርሰው ገበሬም እንዲሁ። ቀያሾቹ ከእነሱ ጋር አብረው በእግር ይሂዱ።

ከመስመሩ ወዲያ በሐይቁ በኩል ሕጋዊ ይዞታ ያላቸው ሰዎች መገኘታቸው አይቀርም። ይህ ከባዱ ክፍል ነው። ሰነድ ይዘው የሠሩትን ሕገወጥ ማለት ግፍ ነው። መነሳት ካለባቸው ለሕዝብ ጥቅም ከይዞታቸው ስለሚነሱ ሰዎች ካሣ በወጣው አዋጅ ቁጥር 1161/2011 መሠረት ካሣቸው ቀድሞ ይከፈላቸው።

ችካሉ ሲተከል ካርታው በየቀበሌው ግድግዳ ላይ ይለጠፍ፤ የትኛው ቦታ ለማን፣ ለምን አገልግሎት እንደተሰጠም ይጻፍበት። ልኬቱ ደግሞ ውሃው ሙሉ በሆነበት በጥቅምት ይሁን።

ከአክብሮት ጋር፣
የባህር ዳር ነዋሪ