መቀሱን መሳቢያ ውስጥ ክተቺው

ልጄ፣

ትናንት ማታ አክስትሽ ደወለችልኝ። የሦስት ሳምንት የዳንቴል ሥራሽን ከዳንቴል መሥሪያው ትራስ ላይ በመቀስ ቆረጥሽው አለችኝ። እንቅልፍ አልወሰደኝም። ለመሆኑ እየበላሽ ነው? የብሩዥ ከተማ ብርድ ያ የቦዩ እርጥበት አለበት፤ ግራጫውን ሹራብ ልበሺ።

የሠራሽበትን ንድፍ፣ ያንን ስፒል የሚተከልባቸው ነጥቦች ያሉበትን ካርቶን፣ አውቀዋለሁ። የተዛባው እሱ ነው እንጂ ጥፋቱ ያንቺ አይደለም። ቶርሾን በሚባለው የዳንቴል ዓይነት ነጥቦቹ በካሬ ወረቀት ላይ እንደተሰመሩ ሰያፍ ለሰያፍ መሄድ አለባቸው። የድሮ ሴቶች ግን አንዱን ካርቶን በሌላው ላይ ደርበው፣ በመርፌ እየወጉ ነበር የሚገለብጡት። መርፌዋ ትንሽ ካዘመመች ቀዳዳው ይሸሻል። ያንን የተዛባውን ደግሞ ሌላዋ ትገለብጠዋለች። አንቺ ጋ የደረሰው ስንተኛው ቅጂ እንደሆነ ማን ያውቃል?

ስለዚህ በትናንሾቹ የክር መጠቅለያ ዘንጎች፣ በቦቢኖቹ ላይ፣ ክር ሳታጠነጥኚ ነጥቦቹን በየረድፉ ቁጠሪ። ከዚያ ሚሊ ሜትር ወረቀት ላይ እንደ አዲስ አውጪው። የጎደለ ነጥብ ካለ ቦታው ሁለቱ ሰያፍ መስመሮች የሚገናኙበት ነው። ፎቶ ኮፒ የምታደርጊ ከሆነ ከንድፉ ጎን በቁመትም በአግድምም 10 ሴንቲ ሜትር አስምሪ፤ ቅጂው ላይ መልሰሽ ለኪ። አንዱ 10፣ ሌላው 10.2 ከመጣ ማሽኑ ለጥጦታል፤ በመሐረብ ዙሪያ የምትሠሪው ጠርዝ ዞሮ ሲመጣ አይገጥምልሽም።

የአበባ ዳንቴል ሲሆን እንዲህ አትጨነቂ። እዚያ ስፒሏን ግማሽ ሚሊ ሜትር ገፋ ብታደርጊያት ማንም አያይም።

መቀስ ግን አታንሺ። መሃል ላይ ስህተት ካገኘሽ በመጣሽበት ተመለሺ። ስፒሉን ንቀዪ፣ የጠመዘዝሽውን ፍቺ፣ ያሻገርሽውን መልሺ። ይሰለቻል፣ አውቃለሁ። ክሩ ግን ይተርፋል።

ለምን እንደምጨቀጭቅሽ ልንገርሽ። አያትሽ በመጨረሻው ዓመቷ ዓይኗ ደክሞ ነበር። ያንን ትልቁን የሶፋ ዳንቴል በኪሮሽ ትሠራ ነበር፤ በዳበሳ ማለት ይቻላል። አንዱ አበባ ስድስት ቅጠል ሊሆን ሲገባው አምስት ሆነ። እኔ 16 ዓመቴ ነበር። እንግዳ ይመጣል ተብሎ አፈርኩ። እሷ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ ጫፉን ይዤ ተረተርኩት። አበባው ጋ ለመድረስ ብቻ ሰባት ረድፍ ፈታሁ። ስትመለስ ምንም አላለችኝም። የተዘበራረቀውን ክር ከእጄ ተቀብላ፣ ቀስ ብላ ጠቅልላ ቅርጫቱ ውስጥ አስቀመጠችው። ከዚያ በኋላ ኪሮሽ አልያዘችም።

ከሞተች በኋላ ልቀጥለው ሞከርኩ። የእሷ እጅ ጠበቅ ያለ ነበር። የኔ ላላ እያለ እምቢ አለኝ።

መቀሱን መሳቢያ ውስጥ ክተቺው። የእናትሽ ትእዛዝ ነው!

ክርሽንም ፈትኚ። ማስመሪያ ላይ 1 ሴንቲ ሜትር እስኪሞላ ጠጋ ጠጋ አድርገሽ ጠምጥሚና ዙሩን ቁጠሪ። ንድፉ የታሰበለት ክር 33 ዙር፣ ያንቺ 30 ከሆነ ያንቺ ይወፍራል፤ ንድፉን ወደ 110 በመቶ አሳድጊው። ስፒሎችሽ የነሐስ ይሁኑ፤ የብረቱ ዝገት ነጭ ክር ያበላሻል።

የቆረጥሽውን ጣልሽው እንዴ? ቆሻሻ መጣያው ውስጥም ቢሆን አውጪው፣ ልየው። እሁድ በረፋዱ ባቡር እመጣለሁ። የአያትሽን ዳንቴል ከነጥቅል ክሩ ይዤልሽ ነው የምመጣው። እስከ ተረተርኩበት ድረስ ያለው ነው። ጣቢያው ላይ ጠብቂኝ፤ እንጀራም አለ፣ ከባድ ነው።

እናትሽ