እማዬ፣ ቦርሳውን አልገዛሁትም

እማዬ፣ እንዴት ነሽ? ጉልበትሽስ? ቅባቱን ማታ ማታ ተቀቢ፣ ረሳሁት አትበይኝ።

ያ በስልክ የነገርኩሽ ቦርሳ ሲያሳስብሽ እንደከረመ ሰማሁ። አልገዛሁትም። ቦሌ አንድ ሱቅ ገብቼ ዋጋውን ስጠይቅ ሻጯ ከጫማዬ ጀምራ አየችኝና የስድስት ወር ደሞዜን ጠራችልኝ። "እሺ፣ አመሰግናለሁ" ብዬ ውልቅ! ብገዛውስ ምን ልይዝበት፣ የታክሲ ሳንቲም?

በዚያው ሳምንት ግን ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ አሮጌ መጽሐፍ ከሚሸጥ ልጅ አንድ ትልቅ የፋሽን መጽሐፍ አገኘሁ። 1,500 አለኝ፣ ተከራክሬ በ900 ወሰድኩት። አትቆጪ፣ ሳምንቱን ሙሉ ሽሮ ቋጥሬ አካክሼዋለሁ።

አሁን ማታ ማታ እሱን ስገልጥ ነው የማመሸው። አንዱ ገጽ ላይ ዲዮር የሚባል የፈረንሳይ ልብስ ነዳፊ የሠራው ኮትና ጉርድ አለ፣ በፈረንጆቹ 1947 ፓሪስ ላይ የወጣ፣ በእኛ 1939 መሆኑ ነው። ኮቱ ነጣ ያለ ሐር፣ ጉርዱ ጥቁር ሱፍ፣ ሽንሽን በሽንሽን። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ካለቀ ሁለት ዓመት እንኳ አልሞላም፣ ጨርቅ እንደ ልብ አይገኝም፣ ሰውዬው ለአንድ ጉርድ ያን ሁሉ ሜትር ሲያፈስ ብዙ ሰው ተናደደበት። ወገቡን ቀጭን ያስመሰለው ደግሞ ዳሌው ላይ ከውስጥ የገባው ሙሌት ነው። እኔ የለበሰችው ልጅ ቀጭን ሆና መስሎኝ! ሱቅ መስታወት ላይ ተለጥፌ ብውል ይሄን ማን ይነግረኛል?

ከሁሉም የወደድኩት ግን ባሌንሲያጋ የሚባለውን ልብስ ነዳፊ ነው። በፈረንጆቹ 1895 ስፔን ውስጥ፣ ጌታሪያ የምትባል የዓሣ አጥማጆች መንደር ነው የተወለደው፣ እናቱ ልብስ ሰፊ ነበረች። መቁረጡንም መስፋቱንም በገዛ እጁ ይችል ነበር። እጅጌ ላይ ግን አይጣል ነበር፣ ያለቀ ልብስ ላይ ነቅሎ እንደገና ይገጥም ነበር። እዚህ ጋ ስደርስ ብቻዬን ሳቅሁ። ያቺን የጎረቤታችንን ሙሽራ አስታወስሻት? ሰርጉ ነገ ሆኖ፣ ቀሚሱ ተተኩሶ ተሰቅሎ፣ አንቺ መርፌውን በከንፈርሽ ይዘሽ "ብብቷ ስር ይጎትታል" ብለሽ ሁለቱንም እጅጌ ተረተርሽው። እኔ ሲንጀሩ ስር ቁርጥራጭ ስለቅም እዚያው እንቅልፍ ወሰደኝ። ሙሽራዋ እስከ ዛሬ አታውቅም።

ውሸት አልነግርሽም፣ ሱቅ ሳይ ዓይኔ አሁንም ይሄዳል። ግን አሁን የማየው ስፌቱን ሆኗል። ባለፈው አንድ ውድ ባለካሬ ኮት አነሳሁና ካሬው ትከሻው ላይ አልተገናኘም። በዚያ ዋጋ! መልሼ ሰቀልኩት፣ ቀኑን ሙሉ ደስ ሲለኝ ዋለ።

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ መጽሐፉን ይዤ ጀሞ እመጣለሁ፣ ከአራት ኪሎ ታክሲ ካገኘሁ። አንድ ኮት አለ፣ እጅጌውና ትከሻው አብሮ የተቆረጠ ይመስለኛል፣ መገጣጠሚያውን ፈልጌ ፈልጌ አጣሁት። አንቺ ታገኚዋለሽ። መነጽርሽን ጥረጊና ጠብቂኝ፣ ቡና ብቻ እንዳትደፊበት።

ልጅሽ