በዳዊት መካከል ቆም ብሎ የጠየቀ ሰው

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በባህል ገጻችሁ ስለ «ሐተታ ዘርአ ያዕቆብ» ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩት፤ በ17ኛው ክፍለ ዘመን ዘርአ ያዕቆብ የተባለ መምህር (ንጉሡ አይደለም) ሕይወቱንና ምርምሩን እንደጻፈበት ስለሚነገረው የግዕዝ መጽሐፍ ማለቴ ነው። መጽሐፉን ማን ጻፈው በሚለው ክርክር ጀምሮ በዚያው ክርክር አለቀ። መጽሐፉ ውስጥ ምን እንዳለ ግን አንድ መስመር እንኳ አልተጠቀሰም። ይህ ነገር ስለሚያንገበግበኝ ነው ብዕር ያነሳሁት።

ክርክሩን አላጣጥልም። ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ የተባለው የካፑቺን (የካቶሊክ ማኅበር) ሚሲዮናዊ በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ጽሑፉን ለፈረንሳዊው ተመራማሪ ለአንቷን ዳባዲ መላኩ፣ ቅጂዎቹም ዛሬ በፓሪስ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት መገኘታቸው የታወቀ ነው። ጣሊያናዊው የኢትዮጵያ ጥናት ሊቅ ኮንቲ ሮሲኒ በ1920 እ.ኤ.አ. «ይህ የሚሲዮናዊው የራሱ ድርሰት ነው» ብሎ ተነሳ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩት ካናዳዊው ክላውድ ሰምነር ደግሞ የለም፣ የኢትዮጵያዊ ሥራ ነው ብለው ብዙ ጥራዝ ጻፉ። ሊቃውንቱ እስከ ዛሬ አልተስማሙም፤ ይቀጥሉበት። ሥራቸው ነው። እኛ አንባቢዎች ግን እነሱ እስኪስማሙ መጽሐፉን ዘግተን የምንቀመጥበት ምክንያት አይታየኝም።

አባቴ መሪጌታ ነበሩ። ዳዊት ያስደገሙኝ እሳቸው ናቸው፤ ሴት ልጅ ምን ያደርግላታል የሚለውን የጎረቤት ወሬ ከቁም ነገር ሳይቆጥሩ። እኔ በተማርኩበት ሥርዓት መዝሙሩ በሳምንቱ ቀናት ተከፋፍሎ ይጸለያል፤ ከ61 እስከ 80 የረቡዕ፣ ከ81 እስከ 110 የሐሙስ። ልጅ ሳለሁ የየቀኑን ድርሻ በአንድ ትንፋሽ ለመጨረስ እሽቀዳደም ነበር። ብዙዎቻችን ዳዊትን የምናውቀው እንዲህ ነው፣ አፋችን ከልባችን ቀድሞ።

አሁን ወደ ሐተታው ልምጣ። ዘመኑ የአፄ ሱስንዮስ ነው። ንጉሡ የካቶሊክን ሃይማኖት ተቀብለዋል፣ አገር በሃይማኖት ተከፍሏል። ዘርአ ያዕቆብ አክሱም ላይ መጻሕፍት ያስተምራል፤ ሲያስተምር የፈረንጆቹንም (የካቶሊኮቹን) የግብጻውያኑንም (የኦርቶዶክሶቹን) ትርጓሜ ስለሚያቀርብ ከሁለቱም ወገን አልሆነም። አንድ ካህን ለንጉሡ ወነጀለው። ያለችውን ጥቂት ወርቅና የሚጸልይበትን ዳዊት ይዞ በሌሊት ጠፋ። ወደ ሸዋ ሲያቀና ከተከዜ ወዲህ በጥልቅ ሸለቆ ግርጌ ዋሻ አገኘ። አውሬ እንዳይበላው በድንጋይና በእሾህ አጠረው፤ ሁለት ዓመት እዚያ ተቀመጠ። አንዳንዴ ወጥቶ ምግብ ይለምናል፤ ሰዎቹ ባሕታዊ መስሏቸው ይሰጡታል።

አንድ ቀን እየጸለየ ሳለ አንድ ሐሳብ መጣበት፦ ለማን ነው የምጸልየው? የሚሰማኝስ አለ? ከባድ ኀዘን ያዘው፤ በዳዊት ቃልም «ልቤን በከንቱ አጸደቅሁ» አለ። ይህ ቃል የመዝሙር 72 ነው፣ የረቡዕ። ቀጥሎ ከዚያው መጽሐፍ ሌላ ቃል ታወሰው፦ «ጆሮን የተከለው አይሰማምን?» ይህ ደግሞ የመዝሙር 93 ነው፣ የሐሙስ። እዚህ ላይ ቆመ። የምሰማበትን ጆሮ ማን ሰጠኝ? የማስብበትን ልቡና ማን ፈጠረልኝ? ከየት መጣሁ? ራሴን በራሴ እንዳልፈጠርኩ አውቃለሁ። ወላጆቼ ፈጠሩኝ ብል እነሱንስ ማን ፈጠራቸው? እንዲህ እያለ ወደ ላይ ወጣ፤ የሌላው ሁሉ ምንጭ የሆነ፣ እሱ ግን ፈጣሪ የሌለው አንድ አለ ወደሚለው ደረሰ።

አባቴ ከረቡዕ መዝሙር ወደ ሐሙስ ሲሻገሩ በመካከሉ አንድ ሌሊት ብቻ ነበር ያለው። ይህ ሰው በዚያ ሌሊት ውስጥ ገብቶ ተቀመጠበት። በየገዳሙና በየቤቱ በየሳምንቱ የሚደገም ቃል ነው ያገኘው፤ ከእኛ የተለየበት ቆም ብሎ መጠየቁ ነው። ሰዎች የሚሳሳቱት ሁሉን ያወቁ ስለሚመስላቸው ነው ይላል፤ እውነትን መፈለግ ድካምና ትዕግሥት ስለሚጠይቅ ከአባቶቻቸው የሰሙትን ሳይመረምሩ ይቀበላሉ። ከሊቃውንት ጋር ከኖርኩበት ዘመን ይልቅ ብቻዬን በዋሻ ሳለሁ ብዙ ተማርኩ የሚለውም ለዚህ ይመስለኛል።

ከመምህርነት ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰፈራችን ወጣቶች ጋር መጽሐፍ እናነባለን። ይህን ክፍል ያነበብን ቀን ከኋላ የተቀመጠች፣ ብዙ የማትናገር ልጅ እጇን አነሳች። «እትዬ፣ እኔም አንዳንዴ ማንም አይሰማኝም እላለሁ። እንዲህ ማሰብ ኃጢአት ነው ብዬ ለማንም ተናግሬ አላውቅም» አለች። ማን ጻፈው የሚል ጥያቄ ያን ቀን አልተነሳም። ልጆቹ ተራ በተራ በልባቸው ያለውን አወጡ። አንዱ አባቱ ከሞቱ ጀምሮ ጸሎት ማቆሙን ነገረን። እዚያው ተቀምጠን መሸብን።

ተመሳሳይ ነገር በሌላም አገር ታይቷል። የሰሜን አፍሪካው ጳጳስ አውግስጢኖስ «ኑዛዜ» በተባለው መጽሐፉ ላይ ወዳጁ ሲሞትበት «እኔ ራሴ ለራሴ ትልቅ ጥያቄ ሆንኩ» ይላል። የእሱም መጽሐፍ ከዳር እስከ ዳር በዳዊት ቃል የተሞላ ነው፤ እግዚአብሔርን ፊት ለፊት እያናገረ ነው ራሱን የሚመረምረው። ወጣቶቻችን ሁለቱን ጎን ለጎን ቢያነቧቸው እንዴት ደስ ይለኝ ነበር! ዛሬ በየሆቴሉ አዳራሽ «ራስህን እወቅ» እየተባለ በብዙ ገንዘብ ሥልጠና ይሰጣል። ልጆቹ የተራቡት ነገር እንዳለ ግልጽ ነው።

በመጽሐፉ የሚሰጉ ምእመናን እንዳሉም አውቃለሁ። ሐተታው ጾምንና ምንኩስናን ይነቅፋል። እኔ እጾማለሁ፤ በዚህ ላይ ከዘርአ ያዕቆብ ጋር አልስማማም፤ ለልጆቹም አልደበቅኳቸውም። እሱ ራሱ መርምሩ እንጂ ዝም ብላችሁ እመኑኝ አላለም።

ከሁሉ በላይ የምወደው ግን ከዋሻው ከወጣ በኋላ ያለውን ነው። ሱስንዮስ ሲሞቱ ወጥቶ እንፍራዝ በምትባል አገር ሀብቱ የሚባል ባለጸጋ ቤት ገባ። ዳዊት እየጻፈ፣ የሰውዬውን ልጆች እያስተማረ በእጁ ሥራ ኖረ። እዚያ ቤት ሒሩት የምትባል አገልጋይ ነበረች። መልኳ ያማረ ባይሆንም ጠባይዋ ደግ፣ አስተዋይና ታጋሽ ናት ይላል። ሀብቱ አገልጋይህ ትሁን ሲለው አይሆንም፣ ሚስቴ እንጂ አገልጋዬ አትሆንም፤ ባልና ሚስት በጋብቻ እኩል ናቸው፣ ጌታና ገረድ ሊባሉ አይገባም አለ። በዋሻ ያገኘው ብርሃን እንግዲህ ይህ ነው፤ የሰው ቤት ሠራተኛ ፊት ሲቆም ምን እንዳደረገ ተመልከቱ። ልጆቹ እዚህ ገጽ ላይ ሲደርሱ ሴቶቹ ቀና ብለው ተቀመጡ፤ አንዱ ልጅም «የእኛን ቤት ሠራተኛ ስሟን ጠርቼ አላውቅም፣ አንቺ ነው የምላት» አለ። ምንም አልመለስኩለትም።

የምጠይቃችሁ ይህን ነው። በባህል ገጻችሁ ለጥቂት ሳምንታት ከሐተታው አንዳንድ ክፍል በአማርኛ አውጡ፤ በመጀመሪያ ዋሻው፣ ከዚያ የጆሮው ጥያቄ፣ ከዚያ ሒሩት። ስለ ደራሲው የሚደረገውን ክርክር ከፈለጋችሁ በመጨረሻው ሳምንት አድርጉት፤ ያኔ አንባቢው የሚከራከሩበትን መጽሐፍ አንብቦ ይደርሳል። ቦታ ይጣበባል ካላችሁ ግማሽ ዓምድም ይበቃል። የቅዳሜ ልጆቼ ጋዜጣውን ይዘው እንዲመጡ እነግራቸዋለሁ።

ከአክብሮት ጋር
ጡረተኛ የአማርኛ መምህርት፣ ከጎንደር